«አመቻች» ስለሚባለው መምህር፤ ከየኔታ ቤት እስከ ቴሌቪዥኑ ትምህርት

በዘመናችን ስለ መምህራን ሥራ የሚጻፉትን መመሪያዎችና የማሠልጠኛ ጽሑፎች ያነበበ ሰው አንድ ቃል ደጋግሞ ያገኛል፤ ይኸውም «አመቻች» የሚለው ነው። መምህሩ የዕውቀት ምንጭ መሆኑ ቀርቶ፣ ተማሪው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ መንገዱን የሚያመቻችለት ረዳት ሆኗል ይባላል። ትምህርቱም «መምህር ተኮር» ከመሆን ወጥቶ «ተማሪ ተኮር» ሆኗል ይባላል። አባባሉ ለጆሮ መልካም ነው፤ በግልጥ የሚቃወመውም ሰው አይገኝም። እኔ ግን ሁሉ የተስማማበት አባባል ከሌላው ይልቅ መመርመር ያስፈልገዋል ብዬ ስለማምን በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልተች አስቤአለሁ።

ለመመርመር የፈለግሁት ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ሕፃን የተማረውን አውቆት እንደሆነ፣ ወደሚቀጥለውም ለመሻገር ደርሶ እንደሆነ የሚፈርደው ማነው? የመምህርን ሥራ መለዋወጥ በዚህ ጥያቄ የለካነው እንደሆነ ነገሩ በመመሪያዎቹ ከተጻፈው ሌላ መልክ ይዞ ይታያል። የተለወጠው የማስተማር ዘዴ ብቻ አይደለም፤ ፍርዱ ራሱ ቀስ በቀስ ከመምህሩ እጅ ወጥቷል። «አመቻች» የሚለውም ስም ይህን መውጣት በጨዋ ቋንቋ የሚሸፍን ስም ይመስለኛል።

ምሳሌዬን የምወስደው ከመንዝ፣ በተለይም ከሞላሌ ነው። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣው መንገድ ያልፍባታል። አገሩ ብርዳም ደጋ ነው፤ ገብሱ፣ በጉ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባናም ይታወቃል። መንዝን የመረጥሁበት ምክንያት የየኔታ ጎጆና የመንግሥት ትምህርት ቤት በአንድ አገር ጎን ለጎን የኖሩበት፣ አንዱ ልጅም ብዙ ጊዜ በሁለቱም ያለፈበት ስለሆነ ነው። ሁለቱን መምህራን ለማስተያየት ከዚህ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

መንዝ በውጭ አገር ሊቃውንትም ዘንድ ያልታወቀ አይደለም። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ተቀምጦ ካጠና በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን አሳትሟል። ሌቪን ብዙ የደከመበት ነገር የቅኔው ሰምና ወርቅ፣ ማለት ሁለት ትርጉም ያለው አነጋገር፣ በአማራው አስተሳሰብ ላይ ያለውን ግብር ለማሳየት ነው። ዘመናዊ ኑሮ ግልጥ አነጋገርን ስለሚሻ ይህ ልማድ ከአዲሱ ዘመን ጋራ እንዴት እንደሚስማማ መጠየቁም ተገቢ ነበር። እኔ ግን ከቅኔው ትርጉም ይልቅ ወደ ቅኔው መሠሪያ ቤት፣ ማለት ተማሪው የቆጠረውን ይዞ በመምህሩ ፊት ወደሚቆምበት ሰዓት መመልከት እወዳለሁ። ስለ መምህር የሚነገር ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ከታችኛው ቤት እንጀምር። በየኔታ ቤት ክፍል የሚባል ነገር የለም። ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ ከዚያ የዮሐንስን መልእክት ይይዛል፤ ወንጌሉን አልፎ ዳዊት ይደርሳል። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ግዕዝ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ ይባላል። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሃያ ልጆች ቢቀመጡ ሃያውም በልዩ ልዩ ገጽ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለሚያነቡ ከሩቅ ለሚሰማው ሁካታ ይመስላል። ፊደል የለየው ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደረሰው ወንጌል የያዘውን ያስነብባል። የየኔታ ዋና ሥራ ግን መስማት ነው። ልጁ ቀርቦ ያነባል፤ የሳተ እንደሆነ ይመልሱታል፤ ያልሳተ እንደሆነ «እለፍ» ይሉታል። «እለፍ» የምትለው ቃል በዚያ ቤት ፈተናም ሰርተፊኬትም ናት።

ለመንዝ ገበሬ ይህ አሠራር የሚስማማበት ምክንያት አለው። አገሩ በመኸርም በበልግም የሚዘራበት ነው። ልጁ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ሊቀር፣ ወይም በግ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሲመለስ ግን ያቆመበት መዝሙር እዚያው ቆይቶ ያገኘዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በኅዳር ሦስት ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ ክፍሉ እርሱን ትቶት ሄዷል፤ ደብተር ቢዋስም ያላለፈበትን መንገድ ሌላ ሰው በጻፈው ሊሄድ ነው።

ወደ ቅኔው ቤት የወጣን እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በዚያ ተማሪው የሌላ ሰው ቃል የሚደግም ሳይሆን የራሱን የሚፈጥር ነው። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አድርጎ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ፣ ቆይቶም እስከ መወድስ ይደርሳል። ገለል ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ ይመጣል፤ መምህሩም ቃል በቃል ይሰሙታል። ግሱ ተሰብሮ እንደሆነ፣ ቤቱ ጎድሎ እንደሆነ፣ ሰሙ ከወርቁ ተለያይቶ እንደሆነ ይነግሩታል። ዛሬ በማሠልጠኛ ጽሑፎች «ተማሪው ራሱ ዕውቀትን ይገንባ» የሚባለውን ምክር እነዚህ ሰዎች ሳይሰሙት ሲሠሩበት ኖረዋል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የቅኔው መምህር ተማሪው ራሱ እንዲሠራ መተዋቸው የተሠራውን ከመፍረድ አላራቃቸውም። እንዲያውም ተማሪው አዲስ ነገር ይዞ በመጣ ቁጥር የፍርዳቸው ሥራ ይበዛባቸው ነበር።

(በነገራችን ላይ፤ አለቃ ዕንባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት፣ መንግሥቱ ለማም ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በኒው ዮርክ ታትሟል። መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአፋቸው ጽፎ በ1959 ዓ.ም. አውጥቷል። ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ጓደኞቻችን ስለ ውጭ አገር የትምህርት ፈላስፎች ከሚያጠኑት ሰዓት ጥቂቱን ለእነዚህ ቢሰጡ ጉዳት አያገኛቸውም።)

ከዚህም ሌላ የየኔታ ፍርድ በራሳቸው ስም ላይ የሚመለስ ፍርድ ነበር። ልጅ ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተ ሰቡ ይደግሳል፤ ልጁም በጎረቤትና በካህናት ፊት ያነባል። ያን ዕለት የሚፈተነው ልጁ ብቻ አይደለም። የቅኔ ተማሪም ወደ ሌላ አገር ጉባኤ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነ ነው። ያልደረሰውን «ደርሷል» ብሎ የላከ መምህር ስሙ በየጉባኤው ይነሣል። ተቆጣጣሪ ሹም ሳይኖር ፍርዱን የሚጠብቀው ይህ ነበር።

እንዲህ ስል የየኔታን ቤት አመሰግናለሁ እንጂ ይመለስልን አልልም። ጉድለቱ ብዙ ነው። ሕፃናቱ ያለ ርኅራኄ ይገረፉ ነበር፤ የኮበለለም በእግር ብረት ይያዝ ነበር። ሴት ልጅ በዚያ ጉባኤ የምትገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሒሳብና የተፈጥሮ ዕውቀት አልነበረም። ዳዊት የደገመው ልጅ የደገመውን ግዕዝ ትርጉሙን ሳያውቅ መቅረቱ የተለመደ ነው። ከሁሉ ይልቅ የከፋው ግን የየኔታ ፍርድ ይግባኝ የሌለው መሆኑ ነው፤ መምህሩ የጠሉት ልጅ የሚሄድበት ሌላ ዳኛ አልነበረውም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣው ይህን ሁሉ ሊያሻሽል ነው፤ ብዙውንም አሻሽሏል። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪዎቹ በሐና ሳሊብ የሚመሩ የግብፅ ቅብጦች ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ተጀመረ። በ1940 ዓ.ም. በገጠር መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ በብዙ አገር ገበሬው ትምህርት ቤቱን ሳያይ ግብሩን አስቀድሞ ከፍሏል። ቆይቶ ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ሲቋቋምባት ለሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች የአገሩ ልጅ የሆነ አስተማሪ ማግኘት ቀለለ።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ስሙም ተለወጠ። «የኔታ» የሚለው መጠሪያ የእኔ ጌታ ማለት ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ዝምድናን ያሳያል። «አስተማሪ» ግን የሥራ ስም ነው፤ ደመወዝ፣ የቅጥር ደብዳቤና ዝውውር ያለው ሰው። ዛሬ ደግሞ ልጆቹ «ቲቸር» ይሉታል፤ ይህም ከሦስቱ የማንም ያልሆነው ስም ነው።

አስተማሪው ይዞት የመጣው ዋና ነገር ደወሉና ክፍሉ ነው። ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ተመዝግበው፣ በአንድ ቀን አንዱን ገጽ ገልጠው፣ በሰኔ በአንድነት ያልፋሉ ወይም ይወድቃሉ። ከፍ ያለውን ፍርድም አዲስ አበባ ወሰደችው፤ ብሔራዊ ፈተና ተዘጋጀ። እዚህ ላይ ለእውነት መመስከር ይገባል። የሩቅ ፈተና ለሩቅ ሰው ፍትሕ ነበር። የመንዝ ገበሬ ልጅ የማንም ዘመድ ሳይሆን፣ አስተማሪው ቢወደውም ቢጠላውም፣ በአዲስ አበባ ከባለሥልጣን ልጅ ጋራ አንድ ወረቀት ተፈትኖ ኮሌጅ የገባው በዚያ ነው። ይህን የመሰለ ፍትሕ ከየኔታ ጎጆ አይወጣም። ስለዚህ ፍርድ ከመምህሩ መውጣቱን ሁሉ እንደ ክፉ የሚያይ ሰው ከዚያ ዘመን ተማሪዎች አንዱን ቢጠይቅ መልሱን ያገኛል።

ነገር ግን ያን ጊዜ ሁለት ዳኞች ነበሩ፤ የሩቁና የቅርቡ። አስተማሪው በክፍሉ ውስጥ ልጁን አሳልፎ ወይም አስቀርቶ ለሩቁ ዳኛ ያቀርበው ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓዶች፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአገሩ እንግዶች ቢሆኑም ይህ ሥልጣን ነበራቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙት ስለ ደመወዛቸው ብቻ አልነበረም፤ «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» የተባለውንም አቅድ ተቃውመው ነው። መምህሩ ስለ ትምህርት አቅድ እንደ አንድ አካል የተናገረበት ጊዜ መኖሩን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለ ዘመቻውና በ1971 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው የመሠረተ ትምህርት እዚህ አላነሣም፤ ለብቻው ጽሑፍ ይገባዋል።

የሁለተኛው ዳኛ፣ ማለት የቅርቡ መዳከም የታየው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጁ በየዓመቱ ያለ መውደቅ ወደሚቀጥለው እንዲሻገር ተደረገ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ «ወድቀሃል» ተብሎ ወደ በግ ጥበቃ እንዳይመለስ ነው። ለመውደቁ ምትክ መምህሩ በተከታታይ ምዘና እየሰማ እንዲያግዘው ታስቦ ነበር። በሥራ የተገኘው ግን ሌላ ነው፤ ምዘናው ከመቶ የሚሞላ የነጥብ ሰንጠረዥ ሆነ። ነጥቡን ዝቅ አድርጎ የሞላ መምህር ለምን እንዲህ እንደሆነ ሪፖርት ይጠየቃል፤ ከፍ አድርጎ የሞላ ግን የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ከፍ አድርጎ አለመሙላት ጀግንነት ነው፤ ጀግንነትን ግን ከደመወዝተኛ ሁሉ መጠበቅ አይቻልም።

ከዚህ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ መጣ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ «ፕላዝማ» ያለው ትልቅ መስታወት ተሰቀለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ሰዓት መስታወቱ ይወስዳል፤ በክፍሉ የቆመው መምህር ከፊትና ከኋላ የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ ይጠቀማል። በመስታወቱ የሚናገረውን ሰው ተማሪዎቹ «የፕላዝማ መምህር» አሉት። እንግዲህ «አመቻች» የሚለው ስም ፍጹም ትርጉሙን ያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ የሚያመቻቸውም መሣሪያውን መክፈትና መዝጋት ሆነ።

ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። ስልሳ ተማሪ ያለበትን ክፍልና አርባ ደቂቃ የሆነውን ክፍለ ጊዜ ብንወስድ፣ መምህሩ ምንም ሳያስተምር ሲሰማ ቢውል ለእያንዳንዱ ልጅ አርባ ሴኮንድ ይደርሰዋል። ቴሌቪዥኑ አሥር ደቂቃ ቢተውለት ደግሞ አሥር ሴኮንድ። በአሥር ሴኮንድ የልጁን ስም መጥራት ይቻላል። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ መስታወቱ አይመልስም፤ አያቆምምም። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ለዚያ ሰዓት ሳይዘጋጅ የቆየው መምህር ጠመኔ አንሡ ይባላል። ይህን አሠራር «ተማሪ ተኮር» ብሎ መጥራት በቃል መጫወት ካልሆነ ምን ይባላል? በየኔታ ቤት ሃያ ልጅ በሃያ ገጽ ላይ ነበር፤ እዚህ ግን ከኦጋዴን እስከ መንዝ ያለው የአንድ ክፍል ተማሪ ሁሉ በአንድ ሴኮንድ በአንድ ቃል ላይ ነበር። የፕላዝማው ነገር በኋላ በብዙ ቦታ ቀርቷል፤ ያመጣው ልማድ ግን አልቀረም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተስፋፋው የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀትም እንዲሁ ነው። ጎበዙ ልጅ አራቱን ወይም አምስቱን ይርዳ መባሉ የየኔታን ቤት ያስታውሳል፤ እዚያም ትልቁ ታናሹን ያስነብብ ነበርና። ነገር ግን በዚያ ቤት ትልቁ ካስነበበ በኋላ ሕፃኑ በየኔታ ፊት ይቆማል። በአንድ ለአምስቱ ግን መጨረሻው ቅጽ መሙላት ነው፤ የሰማ የለም። የቀድሞውን አሠራር ግማሹን ወስደው ዋናውን ትተውታል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ፍልስፍና ነው ብለው ይከላከሉለታል፤ የአሜሪካዊውን የጆን ዱዊንም ስም ይጠራሉ። ዱዊ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ባሳተመው «ልምድና ትምህርት» በተባለ መጽሐፉ፣ በእርሱ ስም መምህሩን ከክፍሉ ጥግ ያቆሙትን ሰዎች ራሱ ተችቷቸዋል። በእርሱ አስተያየት መምህሩ ከቡድኑ ይልቅ የበሰለ በመሆኑ ኃላፊነቱ ይበዛል እንጂ አያንስም። ስሙን የሚጠሩት ይህን ክፍል ሳያነቡ ያለፉት ይመስለኛል።

የነገሩ ፍሬ በ2015 ዓ.ም. ታየ። የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ስርቆትና ኩረጃ ስለ በዛበት፣ ከትምህርት ቤቶቹ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ከተፈተኑት ከ890,000 በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ብዙ ሰው የተናገረው ስለ ቁጥሩ ማነስ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የቀሩት ከመቶ 97 የሚሆኑት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በየክፍሉ «እለፍ» ተብለው እዚያ የደረሱ ናቸው። ያን ሁሉ ጊዜ «እለፍ» ያላቸው ማነው? መምህሩን ብትጠይቁት መመሪያውን ያሳያችኋል፤ መመሪያውን ያወጣውን ብትጠይቁት መምህሩ የሞላውን ነጥብ ያሳያችኋል። ፍርድ ከሰው እጅ ሲወጣ ጥፋተኛም አብሮ ይጠፋል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄዱ ለጊዜው የሚያስፈልግ እንደ ነበረ አልክድም፤ ነገር ግን የሩቁን ዳኛ ማጠንከር የቅርቡን ዳኛ አያስነሣውም። የሩቁ ዳኛ ልጁ መውደቁን የሚነግረን በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ነው፤ የቅርቡ ግን በአቡጊዳ ላይ እያለ ሊነግረን ይችል ነበር።

ይህ ጥያቄ ለመንዝ ዛሬ የክርክር ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሞላሌ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተከፈቱትም ሲከፈቱ ሲዘጉ ቆይተዋል። እንዲህ ካለ ጊዜ በኋላ የሚመለሱ ልጆች በዕድሜያቸው ወይም በተመዘገቡበት ዓመት የሚለዩ አይደሉም። አንዱ በቤቱ ታላቅ እኅት ስታስነብበው ቆይቷል፤ አንዱ የተማረውን ረስቷል፤ አንዱ እስከ መጀመሪያውም አልደረሰም። ሦስቱንም «አራተኛ ክፍል» ብሎ አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ለመዝገቡ ይመቻል፤ ለሦስቱም ግን የሚስማማ አንድ ገጽ የለም። ከሞላሌም ከአዲስ አበባም ሆኖ በሰንጠረዥ ይህን ማወቅ የሚችል ሹም የለም። የሚያውቀው ልጁን አጠገቡ አስቀርቦ የሚሰማው ሰው ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት እንደ ገና በሚከፈትበት ስፍራ የመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ከመጽሐፉ ምዕራፍ ነጻ ሆነው፣ መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ ለመስማት ብቻ ቢሰጡት፤ ከሰማም በኋላ ልጁን ከክፍሉ ስም ሳይሆን ከደረሰበት ገጽ እንዲያስጀምረው ቢፈቀድለት፤ የፈረደውንም ከነጥብ ሰንጠረዡ ሌላ በስሙ ፈርሞ ለወላጁ እንዲያስረዳ ቢደረግ ይቻላል እላለሁ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ይግባኝ የሚሰማው ርእሰ መምህርና ብሔራዊው ፈተና ስላሉ የየኔታ ዘመን ግፍ ይመለሳል የሚለውም ፍርሃት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው የወረዳው ጽሕፈት ቤት በሰኔ የሚጠብቀው «ምን ያህል ተማሪ አለፈ» የሚለው አንድ መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ላይ «ምን ያህሉ ቀርቦ ተሰማ» የሚል ሌላ ዓምድ ለመጨመር ማን ፈቃደኛ እንደሚሆን ገና አላየሁም።